የሴዴቅያስ እንቢታ፦ የልብ መደንደን የይሁዳን መንግሥት ያጠፋበት ታሪክ

የልብ መደንደን ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሙሴን እንቢ ያለው ፈርዖን ነው። ፈርዖን ግን የእስራኤልን አምላክ የማያውቅ አሕዛባዊ ንጉሥ ነበር። አማኝን ይበልጥ ሊያስፈራው የሚገባው የይሁዳ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን በእግዚአብሔር ላይ ልባቸውን ያደነደኑት ቤተ መቅደሱ በደጃቸው፣ የሕጉ መጽሐፍ በእጃቸው፣ ነቢዩም በመካከላቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንቢታቸው ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው እየከበደ ሄደ፤ በመጨረሻም በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ኢየሩሳሌም ከነቤተ መቅደሷ ተቃጠለች። አንዳንድ ሊቃውንት ዓመቱን 587 ያደርጉታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ቃሉን ሰምቶ በታዘዘ ንጉሥ ነው። ኢዮስያስ በስምንት ዓመቱ ነግሦ 31 ዓመት ገዛ። በነገሠ በ18ኛው ዓመት፣ በ622 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ፤ ጸሓፊው ሳፋንም ወስዶ በንጉሡ ፊት አነበበው። የተነበበው ቃል አባቶች ሕጉን እንዳልጠበቁና ቁጣ እንደተቃረበ የሚናገር ከባድ ወቀሳ ነበር። ኢዮስያስ ልብሱን ቀደደ፤ አለቀሰ፤ ነቢይቱን ሕልዳናን እንዲጠይቁለትም ሰዎች ላከ። ሕልዳና ፍርዱ እንደማይቀር ነገረቻቸው፤ ንጉሡ ግን ልቡ ስለ ራራና ራሱን ስላዋረደ መከራውን በዓይኑ እንደማያይ አስታወቀች። ኢዮስያስም የጣዖታቱን መስገጃዎች አፈረሰ፤ ከሕዝቡም ጋር ቃል ኪዳን አደሰ።

ከዚህ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ንጉሡ በነገሠ በ13ኛው ዓመት፣ በዓናቶት ከሚኖሩ ካህናት ወገን የሆነው ኤርምያስ ለነቢይነት ተጠርቶ ነበር። ኤርምያስ ከንጉሡ ተሐድሶ ባሻገር የሕዝቡን ልብ ያይ ነበር፤ ያየውም ነገር አላጽናናውም። ጣዖቱ ከኮረብታው ላይ ተነሥቷል፤ ከብዙዎች ልብ ግን አልወጣም። ኢዮስያስ በ609 ቅ.ል.ክ. በመጊዶ ከፈርዖን ኒካዑ ጋር ሲዋጋ በሞተ ጊዜ ተሐድሶው አብሮት ሊሞት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቡ ልጁን ኢዮአክስን አነገሠ። ኒካዑ ከሦስት ወር በኋላ ሽሮ ወደ ግብፅ ወሰደውና ወንድሙን ኢዮአቄምን በዙፋኑ አስቀመጠው።

ኢዮአቄም ከአባቱ የተለየ ሰው ነበር። አገሩ ለግብፅ ግብር እየገበረ እርሱ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ እያሠራ በዝግባ የተለበጠ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ሰፊ ቤት ለራሱ ሠራ። በመንግሥቱ መጀመሪያ ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ቆሞ ለሕዝቡ ተናገረ። ካልተመለሱ ይህ ቤት እንደ ሴሎ ይሆናል አለ። ሴሎ ታቦቱ በጥንት ዘመን ያረፈባት፣ በኋላም የጠፋች ስፍራ ነበረች። ሕዝቡ ግን ቤተ መቅደሱ በመካከላችን እስካለ ድረስ ምንም አይነካንም ብሎ ያምን ነበር። የእልከኝነቱ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ የተቀደሰውን ስፍራ ከንስሐ መሸሸጊያ አድርገውት ነበር። ካህናቱና ነቢያቱ ኤርምያስን ይዘው ይሙት ብለው ጮኹ። ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ተነሥተው በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ነቢዩ ሚክያስ ተመሳሳይ ቃል እንደተናገረ፣ ሕዝቅያስም እግዚአብሔርን ፈርቶ እንደለመነ አስታወሱ፤ የሳፋን ልጅ አኪቃምም ነቢዩን ከሞት አስጣለው። እንደ ኤርምያስ ትንቢት የተናገረው ኦርዮ ግን አልዳነም። ወደ ግብፅ ሸሽቶ ሳለ ኢዮአቄም ሰዎች ልኮ አስመጣው፤ በሰይፍም ገደለው።

በ605 ቅ.ል.ክ. ናቡከደነፆር የግብፅን ጦር በከርከሚሽ ሰበረ፤ የአካባቢው ሚዛንም ወደ ባቢሎን አዘነበለ። ኤርምያስ በዚህ ጊዜ ለ23 ዓመታት ሲናገር ኖሮ ነበር። ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ የትንቢቱን ቃል ሁሉ ለጸሓፊው ለባሮክ በቃሉ ነገረው፤ ባሮክም በክርታስ ጻፈው። በማግሥቱ ዓመት በዘጠነኛው ወር ሕዝቡ ለጾም ተሰበሰበ። የባቢሎን ዜና መዋዕል እንደሚናገረው ናቡከደነፆር በባሕሩ ዳር የምትገኘውን አስቀሎናን ያጠፋው በዚያው ሰሞን ነው፤ የሕዝቡ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። ባሮክ ክርታሱን በሳፋን ልጅ በገማርያ ክፍል ሆኖ ለሕዝቡ አነበበ። መኳንንቱ ሰምተው ደነገጡ፤ ባሮክና ኤርምያስም እንዲሸሸጉ መክረው ነገሩን ለንጉሡ አቀረቡ።

ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ በፊቱ እሳት ይነድዳል። ይሁዲ የተባለው አገልጋይ ሦስት ወይም አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ ያንን ክፍል በጸሓፊ ካራ እየቆረጠ እሳቱ ውስጥ ይጥለው ነበር፤ ክርታሱ በሙሉ እስኪቃጠል ድረስም አላቆመም። ገማርያን ጨምሮ ሦስት መኳንንት እንዳያቃጥል ለመኑት፤ አልሰማቸውም። የመጽሐፉ ጸሓፊ አንድ ነገር ለይቶ መዝግቧል፤ ንጉሡም አገልጋዮቹም አልፈሩም፣ ልብሳቸውንም አልቀደዱም። ከ18 ዓመት በፊት ሳፋን ለአባት ባነበበ ጊዜ የተቀደደው የንጉሡ ልብስ ነበር። አሁን ለልጅ ሲነበብ የተቀደደው የእግዚአብሔር ቃል ሆነ። በአንድ ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ትውልድ ርቀት፣ የተሰበረ ልብና የደነደነ ልብ እንዲህ ተለያዩ።

እሳቱ ንጉሡ የፈለገውን አላስገኘለትም። ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠው፤ የተቃጠለው ቃል ሁሉ እንደ ገና ተጻፈ፤ ብዙም ተጨመረበት። ኢዮአቄም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ናቡከደነፆር በግብፅ ድንበር በጦርነት መጎዳቱን ተመልክቶ ዐመፀ። የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌም ከመድረሱ በፊት ግን ሞተ፤ የዘራውን ያጨደው የ18 ዓመት ልጁ ዮአኪን ሆነ። ዮአኪን ሦስት ወር ብቻ ነግሦ ከእናቱና ከመኳንንቱ ጋር ወደ ባቢሎን ንጉሥ ወጥቶ እጁን ሰጠ። የባቢሎን ዜና መዋዕል ከተማዋ የተያዘችበትን ቀን በትክክል መዝግቦታል፤ በእኛ ዘመን ስሌት መጋቢት 597 ቅ.ል.ክ. ላይ ይውላል። ከኢየሩሳሌም 10,000 ያህል ሰው ተማረከ፤ ጦረኞች፣ አንጥረኞች፣ ጠራቢዎች፣ ካህኑ ሕዝቅኤልም ከነርሱ ጋር ሄዱ። ኢየሩሳሌም ግን አልተቃጠለችም። እጅ የሰጠው ንጉሥም በሕይወት ነበር። ይህን ለሚያስተውል ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ምርጫ ከወዲሁ ተፈትቶ ነበር።

ናቡከደነፆር የዮአኪንን አጎት ማታንያን አነገሠና ሴዴቅያስ ብሎ ሰየመው። ዕድሜው 21 ነበር። በእግዚአብሔር ስም ለባቢሎን ታማኝ እንዲሆን አስማለው። ሴዴቅያስ እንደ ወንድሙ ክርታስ የሚያቃጥል ጨካኝ አልነበረም፤ ነቢዩን ያከብር ነበር፤ ጸልይልን ብሎ መልእክተኛ ይልክ ነበር፤ ቃሉን መስማትም ይወድ ነበር። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ግን በአንገተ ደንዳናነት የሚከስሰው እርሱን ነው፤ በኤርምያስ ፊት ራሱን እንዳላዋረደ፣ ልቡንም ወደ እግዚአብሔር እንዳይመለስ እንዳጠነከረ ይናገራል። የሴዴቅያስ እልከኝነት የሚጮኽ አልነበረም። ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ አመስግኖ፣ ግን የማይንቀሳቀስ እልከኝነት ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለኖረ ሰው ይህኛው ከኢዮአቄም እልከኝነት ይቀርባል።

በነገሠ በአራተኛው ዓመት የኤዶም፣ የሞዓብ፣ የአሞን፣ የጢሮስና የሲዶና መልእክተኞች በባቢሎን ላይ ለመማከር ኢየሩሳሌም መጡ። ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር በአንገቱ አድርጎ በመካከላቸው ቆመ፤ ለባቢሎን መገዛት ከእግዚአብሔር የመጣ ተግሣጽ እንደሆነና ተቀብለው በሕይወት እንዲኖሩ ነገራቸው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃና ምርኮኞቹ ሁሉ ይመለሳሉ አለ፤ ቀንበሩንም ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንን ነበር። ኤርምያስ በኋላ ተመልሶ የእንጨቱን ቀንበር ሰብሮ የብረት ቀንበር እንዳመጣባቸው ለሐናንያ ነገረው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ለምርኮኞቹ ደግሞ ነቢዩ ደብዳቤ ጽፎ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከረ፤ የምርኮው ዘመን 70 ዓመት እንደሚሆንም አስታወቀ።

ሴዴቅያስ በመጨረሻ መሐላውን አፈረሰና በግብፅ ተማምኖ ዐመፀ። በዘጠነኛው ዓመቱ፣ በአሥረኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ በ588 ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ፣ የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከበበ። ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች ከኢየሩሳሌም ሌላ የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 በለኪሶ ፍርስራሽ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ የወታደር ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ በአንደኛው ጸሓፊው የለኪሶን የእሳት ምልክት እንደሚጠባበቁ፣ የዓዜቃ ምልክት ግን እንደማይታያቸው ለአዛዡ ይገልጣል።

በከበባው ጭንቀት ንጉሡና ሕዝቡ አንድ መልካም ነገር አደረጉ። ሕጉ በሰባተኛው ዓመት እንዲፈቱ የሚያዝዝላቸውን ዕብራውያን ባሮች ነጻ ለማውጣት በቤተ መቅደሱ ቃል ኪዳን ገቡ፤ እንቦሳ ለሁለት ቆርጠውም በመካከሉ አለፉ፤ ባሮቹንም ለቀቁ። ከዚያ የፈርዖን ሖፍራ ጦር ከግብፅ መውጣቱ ተሰማ፤ ባቢሎናውያንም ሊገጥሙት ከከተማይቱ ተነሡ። አደጋው ዞር ባለ ጊዜ ጌቶቹ የለቀቋቸውን ሰዎች መልሰው በባርነት ያዙ። በዚህ ዘመን ከተፈጸመው ሁሉ የሕዝቡን ልብ እንዲህ አጋልጦ የሚያሳይ የለም። ንስሐቸው ከከበባው ጋር መጥቶ ከከበባው ጋር ሄደ። ኤርምያስ ለወንድሞቻቸው ነጻነት እንዳልሰጡ፣ እግዚአብሔርም እነርሱን ለሰይፍ፣ ለቸነፈርና ለራብ እንደሚለቃቸው ነገራቸው። ግብፃውያኑ ተመለሱ፤ ባቢሎናውያንም ዳግመኛ ከበቡ።

ጦሩ ርቆ በነበረበት ጊዜ ኤርምያስ ወደ ብንያም አገር ሊወጣ ሲል በከተማይቱ በር ወደ ጠላት ልትኮበልል ነው ተብሎ ተያዘ፤ ተገርፎም በጸሓፊው በዮናታን ቤት ባለ ጉድጓድ እስር ቤት ተጣለ። ንጉሡ በስውር አስጠርቶ ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል እንዳለ ጠየቀው። ኤርምያስ ቃል እንዳለ፣ ንጉሡም በባቢሎን ንጉሥ እጅ እንደሚሰጥ መለሰለት። ሴዴቅያስ አልተቆጣም። ወደ ግዞት ቤቱ አደባባይ አዛወረው፤ እንጀራ ከከተማይቱ እስኪያልቅ ድረስም ከጋጋሪዎች መንገድ በየቀኑ አንድ ዳቦ እንዲሰጡት አዘዘ። ለነቢዩ ዳቦ ሰጠው፤ ለቃሉ ግን አልታዘዘም።

መኳንንቱ ኤርምያስ እጅ መስጠትን በመምከሩ የወታደሩን እጅ ያዝላል ብለው ሞቱን ጠየቁ። ሴዴቅያስ ንጉሥ ሳለ ልከለክላችሁ አልችልም ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። እነርሱም በገመድ አውርደው ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። በዚያች ከተማ ስለ ነቢዩ በግልጥ የተናገረው አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ በአደባባይ ቀርቦ የተደረገው ክፉ እንደሆነ ነገረው። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው ፈቀደለት። አቤሜሌክ ከግምጃ ቤቱ በታች አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ ወረወረለት፤ ገመዱ እንዳይቆርጠው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነግሮም ጎተተው። ቃሉን በልጅነታቸው የተማሩት የይሁዳ መኳንንት ያላደረጉትን ከሩቅ አገር የመጣው ሰው አደረገው። እግዚአብሔርም በእርሱ ታምኗልና ከተማይቱ ስትወድቅ ነፍሱ እንደምትተርፍለት በኤርምያስ በኩል ነገረው።

ከዚያ የመጨረሻው ስውር ውይይት ሆነ። ሴዴቅያስ ኤርምያስን በቤተ መቅደሱ ሦስተኛ መግቢያ አግኝቶ ምንም ሳይደብቅ እንዲነግረው ጠየቀ። ነቢዩ ብነግርህ ትገድለኛለህ፣ ብመክርህም አትሰማኝም ብሎ ሥጋቱን ገለጠ፤ ንጉሡ እንደማይገድለው ማለለት። ምላሹ ግልጽ ነበር። ወደ ባቢሎን አለቆች ብትወጣ ትድናለህ፤ ከተማይቱም በእሳት አትቃጠልም፤ ካልወጣህ ግን ትቃጠላለች፤ አንተም አታመልጥም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሩ ክፍት ነበር። የንጉሡ መልስ ፍርሃቱን አወጣው። ቀድመው ወደ ባቢሎናውያን የኮበለሉ አይሁድ እንዳያፌዙበት ይፈራ ነበር። ኤርምያስ አሳልፈው እንደማይሰጡት አረጋግጦ ለመነው። ሴዴቅያስ ስለ መታዘዝ አንድ ቃል ሳይመልስ መኳንንቱ ውይይቱን እንዳያውቁ ነቢዩን አስጠንቅቆ ሄደ። ለመንግሥቱ፣ ለልጆቹና ለቤተ መቅደሱ መዳን ያስፈለገው ነገር የጥቂት ሰዎችን ፌዝ መሸከም ብቻ ነበር።

በ11ኛው ዓመቱ፣ በአራተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን፣ ራብ በጸናባት ከተማ ቅጥሩ ተሰበረ። ንጉሡ በሌሊት በአትክልቱ በኩል ሸሸ፤ በኢያሪኮ ሜዳ ያዙትና በሐማት ምድር ወደምትገኘው ወደ ሪብላ ወሰዱት። ልጆቹን በፊቱ አረዱ፤ ዓይኖቹን አወጡ፤ በሰንሰለትም አስረው ወደ ባቢሎን ላኩት፤ እስኪሞትም በግዞት ኖረ። ከወር በኋላ የዘበኞቹ አለቃ ናቡዘረዳን መጥቶ ቤተ መቅደሱን፣ የንጉሡን ቤትና ታላላቆቹን ቤቶች ሁሉ አቃጠለ። በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በጥንታዊቱ የዳዊት ከተማ የክርታስ ማኅተም የታተመባቸው የጭቃ ቅንጣቶች ተገኝተዋል፤ በአንዱ የሳፋን ልጅ የገማርያ ስም፣ በሌላው ኤርምያስን ወደ ጉድጓድ ካስጣሉት መኳንንት የአንዱ የዩካል ስም ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ እልኩ አልሞተም። ናቡከደነፆር የአኪቃምን ልጅ፣ የሳፋንን የልጅ ልጅ ጎዶልያስን በቀሩት ድኾች ላይ ሾመው፤ ኤርምያስም ከእርሱ ጋር በምጽጳ ተቀመጠ። የንጉሥ ዘር የሆነው እስማኤል ጎዶልያስን ገደለው። የተረፉት ሰዎች የባቢሎንን በቀል ፈርተው ወደ ግብፅ ለመሄድ ተነሡ፤ አስቀድመው ግን ቃሉ መልካምም ሆነ ክፉ እንታዘዛለን ብለው ለኤርምያስ ቃል ገብተው እግዚአብሔርን እንዲጠይቅላቸው ለመኑት። መልሱ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ፤ በአገራቸው እንዲቀመጡ፣ ወደ ግብፅ እንዳይወርዱ። እነርሱም ሐሰት ትናገራለህ፣ ባሮክ ነው ያነሣሣህ ብለው ነቢዩን ጭምር ይዘው ወደ ጣፍናስ ወረዱ። ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ልባቸው ወስኖ ነበር።

በግብፅ ኤርምያስ ለሰማይ ንግሥት ማጠናቸውን እንዲተዉ ሲነግራቸው የሰጡት መልስ የደነደነ ልብ እስከ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ለእርስዋ በምናጥንበት ጊዜ እንጀራ ጠግበን ነበር፤ ካቆምን ወዲህ ነው ያለቅነው አሉ። አገራቸውን ያጠፋውን ኃጢአት መድኃኒት፣ ኢዮስያስ የጀመረውን ንስሐ ደግሞ የጥፋታቸው ምክንያት አደረጉት። ተግሣጽ የሚመልሰው የተግሣጹን ትርጉም የሚቀበለውን ሰው ነው፤ እነዚህ ግን ትርጉሙን ገልብጠውታል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኤርምያስ ከዚህ በኋላ የሚናገረው ታሪክ የለም።

በባቢሎን ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በ597 እጁን የሰጠው ዮአኪን በ37ኛው የምርኮ ዓመቱ በናቡከደነፆር ልጅ ከእስር ተፈትቶ በንጉሡ ማዕድ መብላት ጀመረ። በባቢሎን ቁፋሮ የተገኙና እ.ኤ.አ. በ1939 የታተሙ የሸክላ ጽላቶች ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰጠውን የዘይት ቀለብ መዝግበዋል። የማቴዎስ ወንጌል የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር በምርኮው ዘመን የሚጠራው ኢኮንያንን፣ ማለትም ዮአኪንን ነው። የሴዴቅያስ ስም በሐረጉ የለም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችና መምህራን ይህን ታሪክ እንዳለፈ ነገር አልተመለከቱትም። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት የአባቶችን ታሪክ ተርኮ አድማጮቹ እንደ አባቶቻቸው አንገተ ደንዳኖች እንደሆኑ በነገራቸው ጊዜ ጆሯቸውን ደፍነው ወገሩት። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በበኩሉ የሚያስጠነቅቀው የተጠመቁትን ነው፤ ቃሉን እየሰሙ ቆይተው ልባቸው በኃጢአት መታለል እንዳይደነድን፣ ዛሬ ተብሎ የተሰጠውን ቀን እንዳያሳልፉ። በሦስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው መምህር ኦሪጎን እግዚአብሔር ፈርዖንን አደነደነው የሚለውን ሲያብራራ አንዱ ፀሐይ ሰምን እንደሚያቀልጥና ጭቃን እንደሚያደርቅ አስተማረ። የይሁዳ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ኢዮስያስ፣ ኢዮአቄም፣ ሴዴቅያስና አቤሜሌክ የሰሙት ቃል አንድ ነበር።

የአቤሜሌክ ታሪክ በኢትዮጵያ ልዩ ስፍራ አለው። ተረፈ ባሮክ እንደሚተርከው እግዚአብሔር የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ጠበቀው፤ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር አንቀላፋ፤ ከ66 ዓመት በኋላ ሲነቃም በለሱ በቅርጫቱ ውስጥ እንደ ተቀጠፈበት ቀን እርጥብ ነበር። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጠራል።